ባዶ ገንዳ ንጹሕ ገንዳ ነውን?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




በዚህ መድረክ ላይ ከእኔ በፊት የቆሙት መሐንዲሶች ስለ ድልድዮች፣ ስለ ግድቦችና ስለ ከተማ ውሃ አቅርቦት ተናግረዋል። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ስለ ሦስት ትንንሽ የሲሚንቶ ገንዳዎችና በዓይን በቀላሉ ስለማይታይ አንድ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ርእሱ የሥነ ሕይወት ሊቃውንት እንጂ የእኛ አይደለም የሚል ይኖር ይሆናል። ይሁን እንጂ የምነግራችሁ ስሕተት የተሠራው በመሐንዲስ እጅ ነው፤ መሐንዲሱም እኔ ነኝ። ስለሆነም ጉዳዩ የሙያችን መሆኑን እስከ ንግግሬ መጨረሻ ድረስ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ጥያቄው ሲታይ ቀላል ነው። ዓሦች የነበሩበት ገንዳ፣ የሲሚንቶም ይሁን በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ የምናየው የመስተዋት አኳሪየም፣ በበሽታ ተጠቅቶ ዓሦቹ ካለቁ ወይም ከወጡ በኋላ፣ በውስጡ የቀረው ጥገኛ ተሕዋስ ምን ይሆናል? የሚጠጋበት ዓሣ ሲጠፋ እርሱም አብሮ ይጠፋልን? ወይስ አንድ ጥግ ይዞ የሚቀጥለውን ዓሣ ይጠባበቃል? ብዙዎቻችን ሳናስብ የምንሰጠው መልስ፣ «ዓሣ ከሌለ የዓሣ ጥገኛ ምን ይበላል?» የሚል ነው። እኔም የሰጠሁት መልስ ይኸው ነበር።

የነገሩ መነሻ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአዲስ አበባ ብዙም በማይርቅ የደጋ ከተማ ሰባት ወጣቶች ተደራጅተው፣ በብድር ባገኙት ገንዘብ ቆሮሶ ዓሣ ለማርባት ቆረጡ። ከመካከላቸው አንዱ የጎረቤቴ ልጅ ስለነበረ የገንዳዎቹን ንድፍ ያለ ክፍያ እንድሠራላቸው ጠየቀኝ። እኔም ደስ ብሎኝ እያንዳንዳቸው 6 ሜትር ርዝመትና 4 ሜትር ስፋት ያላቸው ሦስት ገንዳዎች ከነውሃ ማስገቢያቸውና ማስወጫቸው ነደፍሁላቸው። ግንባታው ተጠናቀቀ፤ ውሃው ተሞላ፤ የዓሣ ጫጩቶቹም መጡ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጫጩቶቹ ገላቸውን ከግድግዳው ጋር ማሸት ጀመሩ። ቀርበን ስናይ በክንፋቸውና በጎናቸው ላይ የጨው ፍንጣቂ የመሰለ ነጭ ነጥብ ተበትኖባቸዋል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመዘርዘር ጊዜ አልወስድም። በሦስቱም ገንዳዎች የነበሩት ጫጩቶች ከሞላ ጎደል አለቁ።

ወጣቶቹ ምን እናድርግ ብለው በጠየቁኝ ጊዜ ከአንድ አጭር መመሪያ ላይ ያነበብሁትን አስታወስሁ። መመሪያው የዚህ ጥገኛ ዋናተኛ እጭ ዓሣ ካላገኘ በሁለት ቀን ውስጥ እንደሚሞት ይናገራል። እኔም እንደ ሙያችን ልማድ በሁለቱ ቀን ላይ አንድ ቀን የደኅንነት ትርፍ ጨመርሁበትና፣ «ገንዳዎቹን አፍስሱ፤ ሦስት ቀን ባዶ ይሁኑ፤ ከዚያ በኋላ የሚያሠጋ ነገር የለም» አልኋቸው። ይህንንም ስናገር ድምፄ እንዳልተጠራጠረ አስታውሳለሁ። እነርሱም የመሐንዲስን ቃል አምነው ከብድሩ በተረፈው ገንዘብ ሁለተኛ ዙር ጫጩት ገዙ። ጫጩቶቹ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ መኪና የመጡ ነበሩ። በሦስቱም ገንዳዎች ውስጥ እኩል ተከፋፍለው ገቡ። ከመጀመሪያው መቅሠፍት ተምረን ለእያንዳንዱ ገንዳ የየራሱን መረብና ባልዲ መድበንለት ነበር።

በ12ኛው ቀን በአንደኛውና በሁለተኛው ገንዳ ውስጥ የጨው ፍንጣቂው እንደ ገና ታየ። በሦስተኛው ገንዳ ግን አልታየም። እኔ በመጀመሪያ ጥፋቱን በአዲሶቹ ጫጩቶች ላይ ለማሳበብ ከጅዬ ነበር። የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ የነበረች አንዲት ወጣት ግን ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ጋሼ፣ ሦስተኛው ገንዳ እኮ ደርቆ ነበር፤ ሁለቱ ግን ባዶ ብቻ ነበሩ» አለችኝ።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ ዛሬ የምናገረው ሁሉ የዚህች ዓረፍተ ነገር ማብራሪያ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ሄጄ ገንዳዎቹን መረመርሁ። በንድፌ ላይ የማስወጫ ቱቦውን ከፍታ ከተለሰነው ወለል አንጻር ሳላመለክት ቀርቼ ነበር። ግንበኛውም የመሰለውን አድርጎ በሁለቱ ገንዳዎች ቱቦውን ከወለሉ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ ቀብሮታል። በሦስተኛው ገንዳ ግን መሬቱ ቁልቁል ስለሆነበት ቱቦውን ከወለሉ ጋር ትክክል አድርጎ አስቀምጦታል። ስለዚህ ሦስተኛው ገንዳ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ድረስ ፈስሶ ሦስት ቀን ሙሉ ፀሐይና ነፋስ ሲመታው ቆየ። በሌሎቹ ሁለት ገንዳዎች ግን ውሃውና ዝቃጩ በወለሉ ላይ ተኝቶ ቀረ። እኛ ያንን «ባዶ» አልነው። ለጥገኛው ግን ቤቱ አልተነካበትም።

ብዙ ልጆች ያሉት

አሁን ወደ ጥገኛው ልመለስ። ጥገኛ ተሕዋስ ማለት ስሙ እንደሚያመለክተው በሌላ ፍጡር አካል ላይ ወይም ውስጥ ተጠግቶ የሚኖር ነው። የተጠጋበትን ፍጡር በዚህ ንግግር «አስጠጊ» እለዋለሁ። የነጭ ነጥብ በሽታ የሚባለውን የሚያመጣው ጥገኛ አንድ ሕዋስ ብቻ ያለው ፍጡር ሲሆን፣ የሳይንስ ስሙን ኢክትዮፍቲሪየስ መልቲፊሊስ ብሎ የሰየመው እ.ኤ.አ. በ1876 ፉኬ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ስሙ ሲተረጎም «ብዙ ልጆች ያሉት የዓሣ ቅማል» እንደ ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ ስም ሊወጣለት አይችልም ነበር።

የሕይወቱ ዑደት ሦስት ምዕራፎች አሉት። በመጀመሪያው ምዕራፍ ጥገኛው ከዓሣው ቆዳ ሥር ገብቶ እየተመገበ ያድጋል። እኛ የምናየው ነጭ ነጥብ ይኸው ነው፤ ትልቁ እስከ 1 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። በሁለተኛው ምዕራፍ የጠገበው ጥገኛ ዓሣውን ለቆ ይወጣና ጥቂት ሰዓት ዋኝቶ በወለሉ፣ በግድግዳው፣ በጠጠሩ ወይም በዝቃጩ ላይ ይጣበቃል። በዚያም ዝልግልግ ሽፋን አበጅቶ በውስጡ ለሁለት፣ ለአራት፣ ለስምንት እየተከፈለ ይባዛል። በሦስተኛው ምዕራፍ ሽፋኑ ተቀዶ በመቶዎች የሚቆጠሩ፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ አንድ ሺህ የሚደርሱ ዋናተኛ እጮች ይወጣሉ። እነዚህ እጮች አይመገቡም። ከወላጃቸው በወረሱት ስንቅ ዓሣ ይፈልጋሉ፤ ካላገኙ ኃይላቸው ከአንደኛው ቀን በኋላ እየደከመ ሄዶ አብዛኛዎቹ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ይሞታሉ።

እንግዲህ ስሕተቴ የት ላይ እንደ ነበረ ግልጽ ነው። መመሪያው «ሁለት ቀን» ያለው ስለ ሦስተኛው ምዕራፍ ብቻ ነበር። እኔ ግን የአንዱን ምዕራፍ ዕድሜ የመላው ሕይወት ዕድሜ አድርጌ ወሰድሁት። በወለሉ ላይ ተጣብቆ በሽፋኑ ውስጥ የሚባዛው ወላጅ የሚወስደውን ጊዜ አልቆጠርሁትም። ከሁሉ አስቀድሞ የእርሱ ሰዓት ማለቅ ነበረበት፤ የእጮቹ ሰዓት የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት የሙቀት ነው። የዚህ ፍጡር ሰዓት የሚቆጥረው በውሃው ሙቀት ልክ ነው። ውሃው ወደ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ከዓሣ እስከ ዓሣ ያለው ሙሉ ዑደት ከአንድ ሳምንት ባነሰ ጊዜ ይፈጸማል። ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ግን ከአንድ ወር በላይ ሊወስድ ይችላል። ያነበብሁት መመሪያ የተጻፈው በማሞቂያ ለሚሞቅ የሳሎን አኳሪየም ነበር። የወጣቶቹ ገንዳ ደግሞ በደጋ አየር፣ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት ሥፍራ፣ ያለ ጣራ የተቀመጠ ነው። በሞቃት ውሃ የተለካን ቁጥር ወደ ቀዝቃዛ ውሃ አዛወርሁት። አንድ መሐንዲስ የብረትን ጥንካሬ ከሠንጠረዥ ሲያነብ በምን ሁኔታ እንደ ተለካ ሳይጠይቅ ቢያልፍ ምን እንደምንለው ሁላችንም እናውቃለን። እኔም ለራሴ ያንኑ አልሁ።

ባሕርና ወንዝ

ጥያቄውን ከዚህ አንድ ጥገኛ ወሰን አውጥተን ስንመለከተው መልሱ ከጥገኛ ጥገኛ እንደሚለያይ እናገኛለን። ለዚህም ከባሕር አንድ፣ ከወንዝ አንድ ምሳሌ አቀርባለሁ።

በባሕር ውሃ አኳሪየሞች ውስጥ ክሪፕቶካርዮን ኢሪታንስ የሚባል ጥገኛ አለ። የሚያመጣው በሽታ ከላይ ከገለጽሁት ጋር ስለሚመሳሰል የባሕር ነጭ ነጥብ ይባላል፤ የቅርብ ዘመዱ ግን አይደለም። የዚህም እጭ ዓሣ ካላገኘ የሚኖረው በጣም አጭር ጊዜ ነው። አስቸጋሪው በሽፋን ውስጥ ያለው ምዕራፍ ነው። በአንድ ቀን ከዓሣ የወረዱ ጥገኞች ሽፋናቸውን የሚቀዱት በአንድ ቀን አይደለም። አንዳንዱ በ3ኛው ቀን እጮቹን ሲለቅ፣ ሌላው እስከ 72ኛው ቀን ድረስ መቆየቱ ተመዝግቧል። ከዚህም የተነሣ ጥንቁቅ የአኳሪየም ባለቤቶች ውሃው እንደ ተሞላ፣ ዓሣ ብቻ ወጥቶለት፣ ገንዳውን ከ10 ሳምንት በላይ ያለ ዓሣ ያቆዩታል።

ከዚህ የምንማረው ነገር ለሙያችን እንግዳ አይደለም። የድልድይን ከፍታ የምንወስነው በአማካይ ጎርፍ አይደለም፤ በ50 ወይም በ100 ዓመት አንድ ጊዜ ሊመጣ በሚችለው ጎርፍ ነው። የባዶ ገንዳንም የቆይታ ጊዜ መወሰን ያለብን ቶሎ በሚሞተው በብዙኃኑ ጥገኛ ሳይሆን መጨረሻ በሚወጣው በአንዱ ነው። አንድ ሽፋን ከተረፈ በመቶዎች የሚቆጠር እጭ ተረፈ ማለት ነውና።

ሁለተኛው ምሳሌ የተገላቢጦሽ ነው። ጋይሮዳክቲለስ ሳላሪስ የሚባል፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ጠፍጣፋ ትል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከስዊድን ከመጡ የሳልሞን ጫጩቶች ጋር ወደ ኖርዌይ ገባ። የባልቲክ ሳልሞን ይህን ትል ችሎት ሲኖር የኖርዌይ ወንዞች ሳልሞን ግን ሊቋቋመው አልቻለም። በዓመታት ውስጥ ትሉ ከ40 በላይ በሚሆኑ ወንዞች ውስጥ ተዛመተ። ይህ ትል እንቁላል አይጥልም፤ የሚወልደው ሕያው ልጅ ነው፤ ልጁም በእናቱ ማኅፀን ሳለ በውስጡ ሌላ ልጅ ፀንሶ ይገኛል። መባዛቱ እጅግ ፈጣን የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ድክመቱም ያለው እዚያው ላይ ነው። የሚያርፍበት እንቁላል ወይም ሽፋን ስለሌለው ዓሣ ካጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል።

የኖርዌይ ባለ ሥልጣኖች ይህን ድክመት ተመልክተው ከባድ ውሳኔ ወሰኑ። የሳልሞኑን ዘር በልዩ ሥፍራ ካስጠበቁ በኋላ፣ ከተክል ሥር በሚወጣ ሮቴኖን በሚባል መርዝ የወንዞቹን ዓሣ ሁሉ አጠፉ። መድኃኒቱ የታለመው ለትሉ አልነበረም፤ ለአስጠጊው ነበር። አንድን ወንዝ እንደ አንድ ገንዳ ቆጥረው ባዶ አደረጉት ማለት ይቻላል። በአንዳንድ ወንዞች ጥቂት ዓሦች መርዙ በማይደርስባቸው ምንጮችና ገባሮች ተደብቀው በመትረፋቸው ጥገኛው ተመልሶ ሥራው እንደ ገና መደገም ነበረበት። በመጨረሻ ግን ከተጠቁት ወንዞች አብዛኛዎቹ ከትሉ ነጻ መሆናቸው ታውጇል። እነዚያ የተረሱ ምንጮች በእኔ ገንዳ ወለል ላይ ከቀረው 6 ሳንቲ ሜትር ውሃ ጋር በመሠረቱ አንድ ናቸው።

ሁለት ቤት ያለው ጥገኛ

እስከ አሁን የተናገርሁት አንድ አስጠጊ ብቻ ስላላቸው ጥገኞች ነው። ሁለት አስጠጊ ያላቸውም አሉ፤ ለእነርሱ «ዓሣ የለም» ማለት «ቤት የለም» ማለት አይደለም።

የትራውት ዓሣ ጫጩትን እንደ ሰከረ ሰው ዙሪያውን የሚያሽከረክር አንድ በሽታ አለ። ምክንያቱ ሚክሶቦለስ ሴሬብራሊስ የሚባል ጥገኛ መሆኑ ከታወቀ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ይሁንና ተመራማሪዎች ከታመመ ዓሣ ያወጡትን ዘረ ጥገኛ ለጤነኛ ዓሣ ሲሰጡት ዓሣው አልታመም እያለ ግራ ሲያጋባቸው ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው ምሥጢሩ በአሜሪካ የተገለጠው። ጥገኛው ከዓሣ ወደ ዓሣ በቀጥታ አይሄድም። በጭቃ ውስጥ የሚኖር ቱቢፌክስ የሚባል ቀጭን ቀይ ትል መጀመሪያ ይውጠዋል፤ በትሉ አንጀት ውስጥ መልኩን ለውጦ ከወጣ በኋላ ነው ዓሣን ሊይዝ የሚችለው። እንግዲህ አንድ የአፈር ኩሬ ዓሣው ሁሉ ቢወጣለትና ጭቃው ረጥቦ ቢቀር፣ ትሉ በሕይወት እስካለ ድረስ ጥገኛውን መልቀቁን ይቀጥላል። በዚህም ምክንያት ብዙ የትራውት ማርቢያዎች የአፈር ኩሬን ትተው ወደ ሲሚንቶ ገንዳ ዞረዋል። ዘረ ጥገኛው በደረቀ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት እንደሚቆይ ሲታመንበት የኖረውም ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት መድረቅና በበረዶነት መቆየት ኃይሉን እንደሚያጠፉት አሳይቷል። ይህም የወጣቷን ገንዘብ ያዥ ቃል የሚያጠናክር ነው።

በአገራችን ሐይቆች ዓሣ ሥጋ ውስጥ የሚገኘው ክሊኖስቶመም የተባለው ቢጫ ትልም ከዚሁ ወገን ነው። እርሱ ዑደቱን ለመፈጸም ቀንድ አውጣ፣ ዓሣና ዓሣ የምትበላ ወፍ ሦስቱም ያስፈልጉታል። ወፍና ቀንድ አውጣ በሌሉበት የመስተዋት አኳሪየም ውስጥ ሊቀጥል አይችልም። አዕዋፍ በሚያርፉበትና ቀንድ አውጣ በሚራባበት የሜዳ ኩሬ ግን ዓሣ ማውጣት ብቻውን አይበቃም።

በመስኖ ሥራ ላይ የተሰማራችሁ ባልደረቦቼ ይህ ነገር ሌላ የምታውቁትን ጉዳይ ሳያስታውሳችሁ አይቀርም። የቢልሃርዚያ ጥገኛም አንዱ ቤቱ ሰው፣ ሌላው ቤቱ ቀንድ አውጣ ነው። እንደ ወንጂ ያሉ የመስኖ እርሻዎች ስማቸው ከዚህ በሽታ ጥናት ጋር ሲነሣ ኖሯል። ቦይን ለጥቂት ቀን ማድረቅ ቀንድ አውጣን ያጠፋል ብሎ የሚያምን መሐንዲስ እንደ እኔ ይሳሳታል። ቀንድ አውጣው በእርጥብ ጭቃ ውስጥ ራሱን ቀብሮ ውሃ የሌለበትን ሳምንታት፣ አንዳንድ ጊዜም ወራት፣ ሊያሳልፍ ይችላል። በቦይም ሆነ በገንዳ የሚወስነው ውሃው መቼ ተዘጋ ሳይሆን ጭቃው መቼ ደረቀ የሚለው ነው።

የመሐንዲሱ ድርሻ

ከዚህ ሁሉ በመነሣት «ባዶ» የሚለውን ቃል በሦስት መክፈል ይገባናል እላለሁ።

አንደኛው ባዶ፣ ዓሣው ወጥቶ ውሃው ያለበት ነው። በዚህ ሁኔታ ጥገኛው ይሞታል ወይስ አይሞትም የሚለውን የሚወስኑት የጥገኛው ዓይነት፣ የውሃው ሙቀትና የቆይታው ርዝመት ናቸው። ለጣፋጭ ውሃ ነጭ ነጥብ በሞቃት ውሃ አንድ ሁለት ሳምንት ሲበቃ፣ በደጋ ቀዝቃዛ ውሃ ቢያንስ አንድ ወር መጠበቅ አስተዋይነት ነው። ለባሕር ነጭ ነጥብ ከ10 ሳምንት በላይ ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ ሁሉ አንዲት ዓሣ እንኳ በገንዳው ውስጥ ብትቀር ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል።

ሁለተኛው ባዶ፣ ውሃው ፈስሶ ወለሉ እርጥብ የሆነበት ነው። አታላዩ ይህ ነው። ዓይን ባዶ ነው ይላል፤ በዝቃጩ፣ በማጣሪያው ስፖንጅና በቱቦው መታጠፊያ ውስጥ ግን ሕይወት እንዳለ ይቀጥላል። የዓሣ ቅማል የሚባለው አርጉለስ እንቁላሉን እንደ ግድግዳና ድንጋይ ባሉ ጠንካራ ነገሮች ላይ አጣብቆ የሚሄድ ስለሆነ እንዲህ ያለው ባዶነት አያስፈራውም።

ሦስተኛው ባዶ፣ ገንዳው፣ ቱቦው፣ መረቡና ባልዲው ጭምር ፈጽመው የደረቁበት ነው። ከላይ ከጠቀስኋቸው ጥገኞች ውስጥ ለስላሳ ሽፋን ያላቸው ሁሉ መድረቅን አይቋቋሙም። አበው «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ» ይላሉ። ለዓሣ ገንዳ ግን ምክሩ መገልበጥ አለበት፤ በርጥቡ አትቸኩሉ፣ ይድረቅ።

ታዲያ ገንዳ እንዲደርቅ የሚያደርገው ማን ነው? የዓሣ ሐኪሙ አይደለም፤ ነዳፊው ነው። ወለሉ ወደ ማስወጫው ከ1 እስከ 2 በመቶ ተዳፋት ይኑረው። ማስወጫው በዝቅተኛው ነጥብ ላይ፣ ከልስኑ ጋር ትክክል ሆኖ ይቀመጥ፤ ከፍታውም በንድፉ ላይ በቁጥር ይጻፍ። ልስኑ ለስላሳ ይሁን፤ ሻካራ ግድግዳ ለሽፋንና ለእንቁላል መጠጊያ ነው። የግድግዳውና የወለሉ መጋጠሚያ ቀጥ ያለ ማዕዘን ከሚሆን ክብ ቢደረግ ለመጥረግ ይቀላል። ውሃ የሚያቁር ጎሚቶ በተቻለ መጠን ይቀነስ፤ የማይቀር ከሆነም ተፈትቶ የሚጸዳ ይሁን። የእያንዳንዱ ገንዳ ፍሳሽ ለብቻው ይውጣ እንጂ አንዱ በሌላው ውስጥ አያልፍ።

ፀሐይ በማይደርስበት ሥፍራ በረኪና መጠቀም ይቻላል። በብዙ መመሪያዎች የተለመደው መጠን በሊትር 200 ሚሊ ግራም ክሎሪን ሆኖ ለአንድ ሰዓት ያህል የሚቆይ ነው። ይሁን እንጂ ክሎሪን የዝቃጭ ክምር ውስጥ ዘልቆ ስለማይገባ መጀመሪያ መፈተግና መጥረግ ያስፈልጋል። ለዓሣ ራሱ መርዝ ስለሆነም ዓሣ ከመግባቱ በፊት በደንብ መታጠብ አለበት።

አንድ ችግር ግን ልሰውራችሁ አልፈልግም። ማጣሪያ ባለው ገንዳ ውስጥ የዓሣውን ጽዳጅ መርዝ፣ ማለትም አሞኒያን፣ ወደማይጎዳ ነገር የሚለውጡ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሉ። ገንዳው ሲደርቅ እነዚህም አብረው ይሞታሉ፤ አዲስ የሚገባውም ዓሣ ከጥገኛ ድኖ በአሞኒያ ሊመረዝ ይችላል። ስለዚህ ያደረቀ ሰው ማጣሪያውን እንደ አዲስ ለማልመድ ሳምንታት መጠበቅ አለበት። ማድረቅ የማይፈልግ ደግሞ ውሃውን እንደ ያዘ፣ ባክቴሪያዎቹን ጥቂት በጥቂት በአሞኒያ እየመገበ፣ ረጅሙን ጊዜ በትዕግሥት ማሳለፍ አለበት። ሁለቱንም መንገድ በነጻ ማግኘት አይቻልም።

በመጨረሻም በገንዳ ውስጥ ያለው ሕይወት ሁሉ ዓሣ የሚሻ እንዳይመስለን። ማይኮባክቴሪየም ማሪነም የሚባለው ባክቴሪያ ዓሣ ባይኖርም በውሃና በዝልግልግ ላይ መኖር የሚችል ሲሆን፣ በእጅ ላይ ባለ ቁስል ገብቶ ሰውን ያሳምማል። ባዶ ገንዳ የሚፈትግ ሰው ጓንት ያድርግ።

መደምደሚያ

እንግዲህ በመግቢያዬ ላይ ላነሣሁት ጥያቄ መልሴ ይህ ነው። የዓሣ ጥገኛ ያለ ዓሣ ለዘለዓለም አይኖርም፤ ከዓሣ በኋላ ግን ይኖራል። ምን ያህል እንደሚቆይ የሚወስነው ባዶነቱ ሳይሆን የጥገኛው ዓይነት፣ ሙቀቱ፣ ጊዜውና ድርቀቱ ነው። እነዚህን ሳይናገር ቀን ብቻ የሚቆርጥ ሰው ምክር አልሰጠም፤ ገምቷል።

የወጣቶቹን ነገር ሳልነግራችሁ ብወርድ ቅር ይላችኋል። በሁለቱ ገንዳዎች ከነበሩት ጫጩቶች በጨው ሕክምና ያዳንናቸው ጥቂቶቹን ብቻ ነው። የሦስተኛው ገንዳ ዓሦች ግን አድገው ለገበያ ደረሱ፤ የብድሩን የመጀመሪያ ክፍያ የሸፈኑት እነርሱ ናቸው። የሁለቱን ገንዳዎች ወለል በራሴ ወጪ አስፈርሼ ተዳፋት አሠራሁለት፤ ማስወጫዎቹንም ዝቅ አስደረግሁ። ከዚያ ወዲህ የነጭ ነጥብ በሽታ በገንዳዎቹ ውስጥ አልታየም። ነገር ግን ይህ በሆነበት ጊዜ ከሰባቱ ወጣቶች ሁለቱ ተስፋ ቆርጠው ማኅበሩን ለቀው ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ያ የጎረቤቴ ልጅ ነው። ዛሬም በመንገድ ስንገናኝ ሰላምታውን አያስቀርብኝም፤ ስለ ዓሣ ግን አንነጋገርም።

ስለዚህም ወደ እናንተ ይዤ የመጣሁት አዲስ ግኝት አይደለም። እኛ መሐንዲሶች ቁጥር ስንናገር ሰው ያምነናል፤ በእምነቱም ገንዘቡንና ጉልበቱን ያወጣል። «ሦስት ቀን» ያልሁት እኔ ነኝ፤ የከፈሉት ግን እነርሱ ናቸው። ከዚያ ወዲህ አንድ ቁጥር ከአፌ ከመውጣቱ በፊት የት ተለካ፣ በምን ሙቀት፣ ስለ የትኛው ምዕራፍ ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። በንድፎቼም ሁሉ ላይ የማስወጫውን ከፍታ በቀይ ቀለም እጽፋለሁ።